በጭስ ማውጫ የሚባክነው ገንዘብ
ስለ ትንንሽ የእንጨትና የገለፈት ቦይለሮች አጠባበቅ

ለሥራቸው እንፋሎት የሚያስፈልጋቸው የሳሙና፣ የቆዳና የልብስ ማጠቢያ ድርጅቶች የሚገዙት ማገዶ ሁሉ ወደ እንፋሎት አይለወጥም፤ ከፊሉ ሙቀት በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የሚወጣው ሙቀት ግን ገንዘብ የተከፈለበት ነው። ስለዚህ አዲስ ቦይለር ከማዘዝ አስቀድሞ በነባሩ የሚባክነውን መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ ማገዶው። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ እኩሌታ ያህሉ ውሃ ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት 100 ኪሎ በሚዛን የገዛ ሰው 50 ኪሎ ያህል ውሃ ገዝቷል ማለት ነው፤ ያም ውሃ እስኪተን ድረስ የእሳቱን ሙቀት ይወስዳል። ከእርጥቡ እንጨት በኪሎ 1,900 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲገኝ፣ ውሃው በመቶ 20 እስኪሆን ከደረቀው ግን 3,400 ያህል ይገኛል። ስለሆነም ደረቁ እንጨት በኪሎ ዋጋው የእርጥቡ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን እንኳ በሙቀቱ ሲታሰብ ይረክሳል። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጣራ ሥር መደርደር አለበት።

2ኛ፤ አየሩ። አየር ያነሰው እሳት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ማገዶው በሙሉ ሳይቃጠል ይቀራል። አየሩ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጭሱ ንጹሕ ቢመስልም ትርፉ አየር ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የቡና ገለፈትና ሰጋቱራ ቀላል ስለሆኑ ብርቱ ነፋስ ሳይቃጠሉ ይወስዳቸዋል። በማናቸውም ማገዶ ቢሆን ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ መጨመርና የምድጃውን በር ወዲያው መዝጋት ይጠቅማል።

አስመጪዎችም በዚህ ረገድ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አገር የተሠራ ማራገቢያ በዚህ ከፍታ ለእሳቱ የሚበቃ አየር ላያደርስ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ የቦታው ከፍታና የማገዶው ዓይነት ለአምራቹ በግልጥ መነገር አለበት።

3ኛ፤ ንጽሕናው። በቧንቧዎቹ በእሳት በኩል ጥቀርሻ፣ በውሃ በኩል ደግሞ ኖራ መሰል ቅርፊት ሲይዝ ሙቀቱ ወደ ውሃው መተላለፉን ትቶ ወደ ጭስ ማውጫው ያመራል። ይህንም በጭስ ማውጫው ላይ የሚተከል ቴርሞሜትር ይገልጣል። የጭሱ ሙቀት 20 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ከማገዶው በመቶ 1 ያህል ይተርፋል። እንፋሎቱ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ውሃ ሲመለስ ይህንኑ ትኩስ ውሃ ሳይደፉ ወደ ቦይለሩ መመለስም ጥቅም አለው፤ የሚገባው ውሃ ሙቀት 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እንዲሁ በመቶ 1 ያህል ማገዶ ይቆጠባል።

ይህ ሁሉ መሻሻሉ የሚታወቀው በሚዛንና በመዝገብ ነው። በየቀኑ የተቃጠለው እንጨትና ወደ ቦይለሩ የገባው ውሃ ተመዝግቦ፣ በአንድ ኪሎ እንጨት ስንት ኪሎ ውሃ እንደተነነ ይሰላ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቀን እንጨቱ ረጥቧል፣ አየሩ ተዛብቷል፣ ወይም ቧንቧው ቆሽሿል። የሽያጩን ሒሳብ በየማታው የሚዘጋ ነጋዴ የምድጃውንም ሒሳብ አብሮ ቢዘጋ፣ በጭስ የሚጠፋው ገንዘብ ከሣጥኑ ይቀርለታል።