የአህዮች ባለውለታ፤ የወይዘሮ ኤልሳቤጥ መታሰቢያ

በአዲስ አበባ በአራዳ፥ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አዲስ ከተማ እስኪዛወር ድረስ የከተማው እኽልና ማገዶ በአህያ ጀርባ ተጭኖ ወደዚያ ይገባ ነበር። የአህያ ደመወዟ ግን ዱላና ስድብ ነበረ፤ ሰው ባልንጀራውን ሲያዋርድ በስሟ ይጠራዋልና።

ይህችን የተናቀች እንስሳ ያከበሩ ሴት በሩቅ አገር ተገኙ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። በ1969 ለአህዮች መጠጊያ የሚኾን ማኅበር አቆሙ። በ1974 አንዲት ሴት ስትሞት 204 አህዮች በኑዛዜ ብትተውላቸው ዅሉንም ተቀበሉ። ማኅበራቸውም እስከ ኢትዮጵያ ደርሶ፥ በደብረ ዘይት ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋራ ኾኖ፥ የሥራ አህዮችን ቍስልና የሆድ ትል በነጻ አከመ። እርሳቸውም በ2011 ዐረፉ።

አስተማሪ ይህን አንብቦ ልጆቹን ወደ ገበያ ይውሰድ፤ የአህያንም ጀርባ ያሳያቸው። ጭነት ሲበዛና ንጣፉ ሲሳሳ ገመዱ ቆዳዋን ይልጠዋል፤ በቆሰለው ላይ ደግሞ ሲጫን ቍስሉ ይመረቅዛል። እንግዴህ ጭነቱን መቀነስ፥ ንጣፉን ማወፈር፥ የቆሰለችውን እስክትድን ማሳረፍ ይገባል። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ርኅራኄን ብቻ ይጠይቃል።