ከዝናቡ በኋላ፦ በከተማ ጓሮ ስለሚገኝ ጸጥተኛ ደስታ

ለንባብ፦ ኤር. 29፥4-7፤ ማር. 4፥26-29፤ ዮሐ. 19፥41-42



በአዲስ አበባ የነሐሴን ዝናብ ያሳለፈ ሰው፣ በመስከረም መጀመሪያ አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍት የሚቀበለውን ብርሃን ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ የከረመው የቆርቆሮ ጣሪያ ዝም ብሏል፤ የእንጦጦ ተራራ ከጉም ወጥቶ ይታያል፤ በአጥሩ ሥር ማንም ያልዘራው አደይ አበባ ፈክቷል። ከቤቱ ጀርባ ጥቂት ክንድ መሬት ያለው ሰው በዚያው ማለዳ ጫማውን ለውጦ አፈሩን ሊያይ ይወጣል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሰው፣ ስለሚያየውም አፈር፣ ስለሚያገኘውም ደስታ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፣ «ስለ ጎመንና ስለ ካሮት መጻፍ የካህን ሥራ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በከተማችን ጓሮ ያለው ቤት ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዷል። ከጓሮው ጋር አብሮ የሚጠፋው ደግሞ አትክልቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው መጠበቅን የሚማርበት ትምህርት ቤትም አብሮ ይጠፋል። እኛም በየቁምስናው ስንዞር፣ ዛሬ ያስተማሩት ነገ ፍሬ ባለማፍራቱ ብቻ ተስፋ የቆረጡ መምህራንን፣ ልጆቻቸውን በአንድ ተግሣጽ ሊለውጡ የሚሹ ወላጆችን አግኝተናል። ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች አንዲት ትንሽ መደብ ከብዙ ስብከት ይልቅ ልታስተምር እንደምትችል እናምናለን።

1. የወራቱ ስም

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የአበባ ወራት የሚገባው የበረዶው ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በትንሣኤ በዓል አካባቢ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን ምድር የምትታደሰው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከዘመን መለወጫና ከመስቀል በዓል ጋር ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱ መስከረም 26 ቀን መፀው ይገባል። በዚያው ዕለት ዘመነ ጽጌ ይጀምርና እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ በአበባ ምሳሌ ይታሰባል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ «ላውዳቶ ሲ» የተባለውን መልእክታቸውን ካወጡ በኋላ፣ ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ዕለት በየዓመቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን እንዲከበር ወስነው ነበር። ከዚያ ዕለት አንሥቶ እስከ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል ያለው ጊዜ ዘመነ ፍጥረት ይባላል። ይህም በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 24 ቀን ማለት ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዓለም አቀፉ የፍጥረት ጸሎት በተፈጸመ በሁለተኛው ቀን የእኛ ዘመነ ጽጌ ይተካል። በአገራችን ይህ ሁሉ የሚሆነው አፈሩ ለዘር በሚዘጋጅበት ወራት ነው።

2. አፈሩን ማወቅ

ወደ አንድ ቁምስና በተመደብን በመጀመሪያው ዓመት ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ አራት ሜትር በስድስት የሚሆን ባዶ ቦታ አገኘን። በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ አንድ ቀን ቢያባራ፣ ዶማ ይዘን ወጣን። የግቢው ጥበቃ የነበሩት አረጋዊ ቀረብ ብለው፣ «አባ፣ ዛሬ ቢቀር፤ አፈሩ ገና ውሃውን አልጨረሰም» አሉን። እኛም፣ «ጋሼ፣ ነገ ስብሰባ አለብን፤ ጊዜ ያለን ዛሬ ብቻ ነው» ብለን መለስን። እርሳቸውም ዝም አሉ።

አፈሩ ጥቁር ነበር። ጥቁር አፈር በውሃ ጠግቦ ሳለ ሲቆፈር ይጠቀጠቃል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ ጡብ ይደርቃል። እኛም በሳምንቱ ያገኘነው ጓል ብቻ ነበር። ከጓሉ በታች የወደቀው የካሮት ዘር በስብሶ ቀረ። ስብሰባችንን ለማስቀደም ስንል የአፈሩን ጊዜ ሳናከብር ቀርተን ነበርና፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር።

በመስከረም አጋማሽ አረጋዊው ከመደቡ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥተው በመዳፋቸው ጨመቁት፤ ከዚያም በጣታቸው ነካ አደረጉት። አፈሩ ተፈረካከሰ። «አሁን ይሁን አለ፣ አባ» አሉን። መለኪያው ይህ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ተጨምቆ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ አፈር ይቆይ ማለቱ ነው፤ ተጨምቆ ሲነካ የሚፈረካከስ ግን ለዘር ተዘጋጅቷል። ቀዩም አፈር በዚሁ ይፈተናል፤ እርሱ ግን ውሃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ከጥቁሩ ቀድሞ ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ደስታ ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። በዝናብ የታጠበ፣ ፀሐይ የነካው አፈር በእጅ ሲፈረካከስ የሚሰጠው ሽታ አለ። ያን ሽታ ያሸተተ ሰው ገና ምንም ሳይዘራ ደስ ይለዋል። ሰው ከአፈር ተበጀ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ በእጃችን ይዘነው ያወቅነው ግን በዚያ ቀን ነው።

3. የሚታየው ሥራና የማይታየው ሥራ

ለጀማሪ የሚሆነውን ባጭሩ እንናገር። አፈሩ ሲደርስ የበሰበሰ ፍግ ወይም ከወጥ ቤት ተረፈ ምርት የተዘጋጀ ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ። የሰላጣና የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ በስሱ ብቻ አፈር ይልበስ፤ በጥልቀት የተቀበረ ሳይወጣ ይቀራል። የሐበሻ ጎመን ግን መጀመሪያ በትንሽ መደብ ፈልቶ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ይዛወራል። ችግኝ የሚዛወረው ፀሐይ ከበረደ በኋላ፣ ወደ ማታ ነው። በክረምት ከጣሪያ የወረደውን ውሃ በበርሜል ያጠራቀመ ቤተሰብ፣ ዝናቡ ሲቆም የሚያጠጣው አያጣም።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት ብርድ ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ ሰማዩ በጠራባቸው ሌሊቶች ውርጭ ለጋውን ችግኝ ሊያቃጥለው ይችላል። ማታ ሣር ወይም አሮጌ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይበቃል። በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ የታየ እንደ ሆነ ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብ ይረዳል።

ሰው ማድረግ የሚችለው እዚህ ድረስ ነው። ሰላጣ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ ካሮት ግን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ምንም ሳያሳይ ይቆያል። በእነዚያ ቀኖች አትክልተኛው መደቡን እያየ፣ «ዘሩ ሞቶ ይሆን?» ይላል። ቆፍሮ ሊያይ ይፈተናል፤ የቆፈረ ግን የበቀለውን ይገድላል። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል የተናገረው ዘሪ ዘሩን በትኖ ይተኛል፣ ይነሣልም፤ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ግን እርሱ አያውቅም። ምድር ፍሬዋን ከራሷ ታወጣለች። ይህ ምሳሌ ስንፍናን አያስተምርም፤ ዘሪው አስቀድሞ ዘርቷልና፣ በመከርም ጊዜ ማጭዱን ይዞ ይገኛልና። የሚያስተምረው፣ በመዝራትና በማጨድ መካከል የእኛ ያልሆነ ሥራ መኖሩን ነው።

ከዚያም አንድ ማለዳ፣ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ መስመር በጥቁሩ አፈር ላይ ይታያል። ጎንበስ ብሎ ካላዩት አይታይም። ማንም አያጨበጭብም፤ ጎረቤትም አይሰማም። ነገር ግን ያየው ሰው ቀኑን ሙሉ በልቡ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ይህ ደስታ ጸጥተኛ የሆነበት ምክንያት፣ ሰውየው «እኔ ሠራሁት» ብሎ ሊመካበት የማይችል በመሆኑ ነው። የተሰጠው ነውና ያመሰግናል።

4. መሬት ለሌለው ሰው

«ጓሮ የሌለን እኛስ?» የሚል ብዙ ነው። ከቁምስናችን አንዲት እናት ለብዙ ዓመታት በኖሩበት ሰፈር ከቤታቸው ጀርባ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጎመን ነበራቸው። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ቡና አፍልተው አስተናገዱንና፣ «አባቴ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ ማለዳ ተነሥቼ የምጎበኘው የለኝም» አሉን። የምንመልሰው ቃል አላገኘንም።

በሌላ ጊዜ ከቁምስናው ጓሮ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለን ወሰድንላቸው። እርሳቸውም ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ከሥሩ በሚስማር በስተው፣ አፈርና ብስባሽ እኩል ቀላቅለው፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት በረንዳ ላይ ተከሉት። በዓመቱ ስንመለስ ቆርቆሮው አምስት ሆኖ ነበር። ከዚህ ቀደም ሰላምታ የማይለዋወጡ የደረጃው ጎረቤቶች ለቡናቸው ጤና አዳም ሊለምኑ በራቸውን ያንኳኳሉ። የድሮው ጓሯቸው ግን አልተመለሰም። ያን ሐዘን ቆርቆሮዎቹ ሽረውታል ብንል ሐሰት ይሆንብናል፤ ከሐዘኑ ጋር የሚኖሩበትን ግን ሰጥተዋቸዋል።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የጻፈው ደብዳቤ እዚህ ላይ ይታወሰናል። እነዚያ ሰዎች ከተማዋን አልመረጧትም። ሐሰተኞች ነቢያት ምርኮው ቶሎ እንደሚያበቃ ይነግሯቸው ነበር። ኤርምያስ ግን ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ለከተማዋም ሰላም እንዲጸልዩ በእግዚአብሔር ስም አዘዛቸው። አትክልት መትከል የጠፋውን መርሳት አልነበረም፤ በተገኙበት ስፍራ ለነገ መኖር እንጂ። ባልመረጠው ቤት ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አፈር የሚያኖር ሰው ይህን ትእዛዝ በመጠኑ ይፈጽማል።

5. ያልተነካው ጥግና የአትክልቱ ስፍራ

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ከሚነገሩት አንዱ፣ የገዳሙ አትክልት ስፍራ በሙሉ እንዳይታረስና የዱር አበባ የሚበቅልበት ጥግ እንዲተው መጠየቁ ነው። «ላውዳቶ ሲ» ይህንኑ ይጠቅሳል። እኛም ከዚያች መደብ በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ያህል ትተናል። በየመስከረሙ አደይ አበባ ይወጣባታል፤ ንቦችም ይመጡባታል። ሁሉን ነገር ለጥቅም ብቻ ለሚቆጥር ልብ ያች ጥግ መልካም መድኃኒት ናት።

አደይ አበባ የሚፈካው ደመራ በሚደመርበት ወራት ነው። ልጆቻችን አበባውን በደመራው ላይ ሲያስሩ አይተናል። ቅዱስ ዮሐንስም ጌታ በተሰቀለበት ስፍራ አትክልት እንደ ነበረ፣ አዲሱም መቃብር በዚያ እንደ ነበረ ጽፏል። መስቀሉና አትክልቱ በአንድ ስፍራ ነበሩ። ከሰንበት በኋላ መግደላዊት ማርያም ከሞት የተነሣውን ጌታ አትክልተኛ መሰላት። የተቀበረውን ሁሉ ሞቷል ብለን ቶሎ እንዳንፈርድ፣ መፀው በየዓመቱ በደጃችን ሆኖ ያስታውሰናል። ለዚህም ነው በዚህ ዓመት ሁለት ልጆች ብቻ የመጡለት መምህር ክፍሉን እንዳይዘጋ የምንለምነው። ካሮቱ ገና ሦስተኛ ሳምንቱን አልጨረሰ ይሆናል።

ለውይይት

1. በአገልግሎታችን ወይም በቤታችን አፈሩ ውሃውን ሳይጨርስ የቆፈርንበት ጊዜ መቼ ነው? ያስከተለውስ ምንድን ነው?
2. ከዘራን በኋላ «ቆፍረን ልንመለከት» የምንፈተነው በማን ወይም በምን ጉዳይ ነው?
3. በቁምስናችን ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው ወደ አዲስ ቤት የገቡ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? ማንስ ጠይቋቸዋል?

ለተግባር

እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ከዘመነ ጽጌ በፊት በቁምስናው ግቢ አንዲት መደብ ያዘጋጅ። ግቢ የሌለው በቆርቆሮ ይዝራ። ልጆቹ ዘሩ የተዘራበትንና የበቀለበትን ቀን ይመዝግቡ፤ በመካከሉ ያሉትን ቀኖች መምህሩ ባዶ ብሎ አይለፋቸው፣ ትምህርቱ በእነርሱ ውስጥ ነውና። ከመጀመሪያው ፍሬ ጥቂቱ አቅም ለሌለው ጎረቤት ይድረስ።

ዘርን ለዘሪ፣ እንጀራንም ለሚበላ የሚሰጥ እግዚአብሔር በየደጃችን ያለችውን ጥቂት አፈር ይባርክልን። አሜን።