ስለ መኪና ጎማ አበላልና ስለ ነፋሱ ልክ

ከቃሊቲ ዕቃ የምታመላልሱ ክቡራን ነጋዴዎች፣ ያለቀ ጎማ ከመጣሉ በፊት አበላሉን መመልከት ይገባል። መካከሉ ብቻ የተበላ እንደ ሆነ ነፋሱ በዝቶበት ኖሯል፤ ሁለቱ ጠርዞች የተበሉ እንደ ሆነ አንሶታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእግሩ አቅጣጫ ነውና አላይመንት ማሠራት ያሻል። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት መደብር መለኪያ የተገዛው ሁለት የፊት ጎማዎች ያለጊዜያቸው ካለቁ በኋላ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ እጅግ ያንሳል።

ትክክለኛው ልክ በአብዛኛው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በጎማው ጎን የተጻፈው የመጨረሻው ከፍተኛ ልክ ስለ ሆነ አያሳስት። የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ከአዳማ በፈጣኑ መንገድ ቱሉ ዲምቱ የደረሰ ጎማ በሙቀት ምክንያት ልኩ ከፍ ይላል፤ ጎሚስታው በዚያን ጊዜ ቢያስተነፍሰው፣ በማግሥቱ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል።