በከዋክብት መካከል ስላለው ትቢያ

አስተማሪያችን የመብራት ድምቀት በርቀቱ ካሬ ልክ እንደሚቀንስ ባስረዱን ጊዜ፥ የከዋክብትን ርቀት ማስላት ቀላል መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ግን አንድ ነገር መዘንጋቴን ተረዳሁ፤ ይኸውም በከዋክብት መካከል ያለው ጠፈር ፈጽሞ ባዶ አለመሆኑ ነው። እጅግ ደቃቅ ትቢያ አለበት፤ ይህም ብርሃንን ይውጣል፥ ይበትናልም።

ይህን በ1930 እ.ኤ.አ. በግልጽ ያስረዱት በካሊፎርንያ በሊክ የከዋክብት መመልከቻ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ትረምፕለር ናቸው። የከዋክብትን ጭፍራዎች ርቀት ከድምቀታቸው ሲያሰሉ፥ ሩቆቹ ሁሉ ከቅርቦቹ ይልቅ ሰፋፊ ሆነው ተገኙ። ይህ ሊሆን ስለማይችል፥ ብርሃናቸው በመንገድ ላይ እንደሚቀነስ ተረዱ።

ታዲያ የቀነሰው ስንት እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ ሥራ በጣም የጋሉ ከዋክብት ይመረጣሉ፤ ደማቆች ስለ ሆኑ ከሩቅ ይታያሉ፥ የተፈጥሮ ቀለማቸውም ሰማያዊ መሆኑ የታወቀ ነው። ትቢያው ከቀይ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚያስቀር፥ ኮከቡ ቀላ ብሎ ይታያል። በብርሃኑ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች ግን የኮከቡን ግለት ሳይለወጡ ይነግሩናል።

እነሆ ምሳሌ። ከዓቅራብ በስተ ሰሜን ያለውንና በግንቦት ሌሊት ከአገራችን የሚታየውን ዜታ ኦፊዩኪን እንውሰድ። በሰማያዊና በቢጫ ማጣሪያ በተለካው የድምቀት ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ከዜሮ በታች 0.30 መሆን ሲገባው፥ የተገኘው ግን ከዜሮ በላይ 0.02 ነው። ስለዚህ ትቢያው የጨመረው 0.32 ነው። ይህን በ3.1 ብናበዛው 1 ደረጃ ያህል ይሆናል። አንድ ደረጃ ማለት ድምቀቱ 2.5 ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው፤ ከ100 እጅ ብርሃን የሚደርሰን 40 ብቻ ነው።

ይህን ባናርም፥ የ2.5 ካሬ ሥር 1.58 ስለ ሆነ፥ 100 የብርሃን ዓመት የሚርቀውን 158 ነው እንል ነበር። እኔም የተሳሳትሁት በዚሁ ነው። ደግሞም 3.1 አማካይ ቍጥር ስለ ሆነ መጠንቀቅ ይገባል፤ በአንዳንድ ጥቅጥቅ ደመናዎች ውስጥ እስከ 5 ይደርሳል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የሩቁን ለመለካት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በመካከል ያለውን ይለካ።