ካይናይት፤ ከአሞሌው በታች የቀረው መራራ ጨው

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የኬሚስትሪ ነገር ሲገጥመን ገጹን ገልጦ ማለፍ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ካይናይት የተባለው ማዕድን ታሪክም እርሻም ስለሚነካ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸዋና የደናክል ጨው የቆየ ትውውቅ አላቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከተራራው ጫፍ ሆና የአፋርን ቆላ ቁልቁል ታያለች፤ ከሥሯ ባለው በአልዩ አምባ ገበያም ከታጁራ የመጣው ነጋዴ ጭነቱን ያራግፍ ነበር። በዚያን ጊዜ አሞሌ ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለመገበያያም ያገለግል ነበር። አሞሌው የሚቆረጠው ወደ ሰሜን ርቆ፣ በዳሎል አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ጥንት የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። በኋላ ከባሕሩ ተቆርጦ ቀረና ውሃው ተነነ።

ዋናው ነገር ያለው በዚህ መትነን ላይ ነው። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ውሃው ሲተንን ግን ጨዎቹ ሁሉ በአንድነት አይረጉም፤ ተራ አላቸው። አስቀድሞ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ይረጋል (ይህም ውሃ ያዘለ ሰልፌት ነው፤ በዓባይ ሸለቆ በጎሐ ጽዮን በኩል ሞልቷል)። ውሃው ወደ ዐሥረኛው ሲወርድ የወጥ ጨው ይከተላል። በመጨረሻ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የበዛበት፣ እጅግ የመረረ ነው። ካይናይት የሚወለደው ከዚህ አተላ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አተላ ሳይደርቅ አዲስ ባሕር ይገባበታል፣ ወይም የደረቀውን ሌላ ውሃ ያሟሟዋል፤ ማዕድኑ በዓለም ላይ በጥቂት ቦታ ብቻ በብዛት የሚገኘው ስለዚህ ነው። ከጀርመን ሌላ በሲሲሊና በዩክሬን ተቆፍሯል።

ካይናይት የፖታሲየም፣ የማግኒዚየም፣ የሰልፌትና የክሎራይድ ውሁድ ሲሆን በውስጡ ውሃ አዝሏል። ከ100 ግራሙ 16 ግራም ያህል ፖታሲየም፣ 22 ግራም ያህል ደግሞ ውሃ ነው፤ ሲዳሰስ ግን ደረቅ ድንጋይ ነው! መልኩ ነጭ ወይም ቢጫማ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ ነው። በቢላ በቀላሉ ይጫራል፣ በውሃ ይሟሟል፣ ጣዕሙም ጨው ጨው ብሎ ይመርራል።

ስሙ የወጣው በ1865 በጀርመን አገር በሽታስፉርት ሲሆን፣ በግሪክኛ «አዲስ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በዚያ ስፍራ የጉድጓድ ሠራተኞች የሚፈልጉት የወጥ ጨው ነበርና ከላይ ያገኙትን መራራ ጨው እንደ ጥራጊ ይጥሉት ነበር። ፖታሲየም ለአዝርዕት ምግብ መሆኑን ሊቃውንት ካስተማሩ በኋላ ግን በ1861 ፋብሪካ ቆመለት፤ ጥራጊውም ከጨው ይልቅ ውድ ሆነ።

የእኛ ባላገር አልጣለውም፤ አላየውምም። በደናክል ላይኛው ንብርብር የወጥ ጨው ነው፤ መራራዎቹ ጨዎች ከእርሱ በታች ናቸው፤ ከእነርሱም ካይናይት ከሁሉ በታች ከ4 እስከ 14 ሜትር ገደማ ውፍረት ይዞ ተነጥፏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ፖታሽ ስለ ተቋረጠ ኢጣልያኖች በዳሎል ቆፈሩ፤ ከመርሳ ፋጡማም ወደዚያ አቅጣጫ የሚወስድ ባቡር በ1918 ጨረሱ። ቀጥሎ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ እስከ 1968 ድረስ መረመረ። በ2015 ደግሞ ያራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ በዓመት 600,000 ቶን ፖታሲየም ሰልፌት ማውጣት ይቻላል የሚል ጥናት አቀረበ። ጥናት ግን ገና ምርት አይደለም።

ይህ ከደብረ ብርሃን ምን አገናኘው? በ1968 የታተመው የመርፊ ጥናት የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም የሚል እምነት ስላሳደረ፣ ለገበሬው ለብዙ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ቀረበለት። ከ2012 ወዲህ የተደረገው የአፈር ካርታ ሥራ ግን በብዙ ቦታ፣ ይልቁንም በጥቁሩ መረሬ አፈር፣ ጉድለት መኖሩን አሳየ። በደጋው እንጨት ስለሚያጥር ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራል፣ አመዱም ቢበዛ ከጓሮ አያልፍም። ገለባውን ከብት ይበላዋል። ማሳው ሁልጊዜ ሰጪ ነው።

ታዲያ ካይናይቱን ፈጭቶ መበተን ነው? እንደ እኔ አስተያየት አይደለም። መረሬ ማግኒዚየም የበዛበት አፈር ነው፤ ማግኒዚየም ሲበዛ ደግሞ ሥሩ ፖታሲየም እንዳይስብ ይከለክላል። ክሎራይዱም ለድንች አይስማማም። ስለዚህ ካይናይቱን አሟሙቶ ፖታሲየም ሰልፌቱን መለየት ግድ ነው፤ ለዚህም ብዙ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። በዳሎል ሜዳ ከሁሉ የሚቸግረውም እርሱ ነው።