የቆየ ትራክተር በእርሻ መሐል ሲጠፋ፦ የናፍጣ እጥረትን ከታንኩ እስከ ሞተሩ መመርመር

መግቢያ

የትራክተር ሞተር በእርሻ መሐል ኃይሉ እየደከመ ሄዶ ሲጠፋ፣ ከጥቂት ዕረፍት በኋላም ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ እንደገና ሲጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ነው። ፖምፓው ይፈታል፤ ወደ ከተማ ይላካል፤ ትራክተሩም ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ዝናቡ ይገባል፤ መሬቱ ሳይታረስ የዘር ጊዜ ያልፋል። ለጥገና ገንዘብ ከወጣ፣ ወቅቱም ካለፈ በኋላ የችግሩ ምክንያት የታንክ ክዳን ቀዳዳ መደፈን ወይም የአንዲት ወንፊት መቆሸሽ ሆኖ ይገኛል። ፖምፓው ተሠርቶ ቢመለስም ደፋኙ ነገር በቦታው ስላለ ትራክተሩ እንደገና ይጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የህብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ኪሣራ እንዲያስቀሩ መርዳት ነው። የምንመክረውም አንድ ነገር ነው፦ ምርመራው ከታንኩ ተጀምሮ ናፍጣው በሚፈስበት ቅደም ተከተል ወደ ሞተሩ ይሂድ። ዋናው ፖምፓ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን።

ለምሳሌ የወሰድነው እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረውን ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ይህ ትራክተር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ሲሆን ኃይሉ 45 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የምርመራው ሥርዓት ተመሳሳይ አሠራር ላላቸው ሌሎች የቆዩ የናፍጣ ትራክተሮችና መኪናዎችም ያገለግላል።

1. ናፍጣው የሚሄድበት መንገድ

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ትራክተር ታንኩ ከሞተሩ በላይ ነው። ናፍጣው ከታንኩ በመዝጊያው በኩል በራሱ ክብደት ወርዶ በሞተሩ ጎን ወዳለው ትንሽ መጋቢ ፓምፕ ይገባል። መጋቢው ፓምፕ በውስጡ የላስቲክ ሽፋን ያለው፣ በእጅ የሚገፋ ምላስም ያለው ነው። ናፍጣውን ገፍቶ በፊልትሮ ውስጥ ያሳልፈዋል። የተጣራው ናፍጣ ወደ ዋናው ፖምፓ ይገባል፤ ይኸው ፖምፓ በከፍተኛ ግፊት ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር ያከፋፍላል። ትርፉ በመመለሻ ቱቦ ይመለሳል።

ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ናፍጣ ሲወጣ በምትኩ አየር ወደ ታንኩ መግባት አለበት። ይህም የሚሆነው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛ፣ ዋናው ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ስለዚህ ናፍጣ ሲያጥረው ወይም ውኃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። ተራው መደፈን በጊዜ ካልተገኘ እውነተኛ የፖምፓ ብልሽት ያስከትላል።

2. የናፍጣ እጥረት ምልክቶች

ይህን የሚያህል ሞተር ያለ ጭነት ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 ሊትር ያነሰ ናፍጣ ይበቃዋል። ማረሻ ይዞ ከባድ መሬት ሲያርስ ግን በሰዓት ከ7 እስከ 9 ሊትር ሊወስድ ይችላል። መስመሩ በከፊል የተደፈነ ትራክተር በግቢ ውስጥ ደህና ሠርቶ እርሻ ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። «ግቢ ውስጥ ሞክረነው ደህና ነው» ማለት በቂ ምርመራ አይደለም።

ምልክቶቹን እንደሚከተለው መለየት ይቻላል።

ሀ/ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየደከመ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ጠፍቶ ከዕረፍት በኋላ የሚነሣ ከሆነ፦ የክዳን ቀዳዳ፣ የታንክ መውጫ ወይም ወንፊት መደፈን ይጠረጠራል።

ለ/ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ እየዘለለ ከሠራ፦ አየር ወይም ውኃ ገብቶበታል።

ሐ/ በሞተሪኖ ሲዞር ከማርሚታው ምንም ጭስ ካልወጣ፦ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ አልደረሰም። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሣ ግን ናፍጣው ደርሷል፤ አልተቃጠለም ማለት ነው።

መ/ በሥራ ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ፦ ችግሩ የናፍጣ ማነስ አይደለም። የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ ጭነቱም ይመዘን።

ሠ/ ያለምንም መድከም በድንገት ቀጥ ካለ፦ የማጥፊያው ሽቦ ይፈተሽ።

3. ጥንቃቄ

ምርመራው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ይሠራ። ናፍጣ በአፍ አይሳብ። ከኢንጀክተር የሚወጣ የናፍጣ ጨረር ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ስለዚህ እጅ አይቅረብበት። ይህ ጉዳት ከደረሰ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሰውየው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። የተፈታ ቱቦ አፉ ይሸፈን።

4. ምርመራ ደረጃ በደረጃ

ለዚህ ሥራ ሁለት ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ንጹሕ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ናፍጣ የሚችል የላስቲክ ቱቦ፣ የጎማ መንፊያና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ የታየው ይጻፍ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለወጥ፤ ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም።

ደረጃ 1፦ ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ በዓይን ይታይ፤ ጠቋሚው አይታመን። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የማጥፊያው ሽቦ ሲለቀቅ በዋናው ፖምፓ ላይ ያለው ምላስ እስከ መጨረሻው መመለሱ ይታይ። ሽቦው ዝጎ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ናፍጣ ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ትራክተሩ ሥራ ላይ ደክሞ ሊጠፋ ሲል ክዳኑ ይላላ። አየር ሲገባ የፉጨት ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ካገገመ ምክንያቱ ተገኘ። ቀዳዳዋ በቀጭን ሽቦ ተጠርጋ ክዳኑ በናፍጣ ይታጠብ። የጠፋ ክዳን በላስቲክ ወይም በጨርቅ ተወጥሮ የታሰረበት ትራክተር ይህን ችግር በገዛ እጁ ይፈጥራል።

ደረጃ 3፦ ወደ መጋቢው ፓምፕ የሚገባው ቱቦ ይፈታና ናፍጣው ወደ ጀሪካኑ ይውረድ። ፍሰቱ ሙሉና ያልተቆራረጠ መሆን አለበት። ሞተሩ በከባድ ሥራ በሰዓት 9 ሊትር ቢወስድ በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መስመሩ ከዚህ ብዙ መትረፍ ስላለበት፣ ለመስክ ሥራ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ካልወረደ መንገዱ ጠቧል ብለን እንወስዳለን። አንድ ደቂቃ ብቻ አይታይ፤ እስከ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። በታንኩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ቅጠል፣ የጨርቅ ቁራጭ ወይም ዝቃጭ መውጫውን የሚይዘው ቆይቶ ነውና። ፍሰቱ በመጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ ከቀነሰ ክዳኑ ተከፍቶ ይደገም። ያን ጊዜ ከተሻለ ክዳኑ፣ ካልተሻለ መውጫው ተደፍኗል።

ደረጃ 4፦ በመዝጊያው ላይና በመጋቢው ፓምፕ ላይ ያለው ወንፊትና የዝቃጭ ኩባያ ወርዶ ይታጠብ። በኩባያው ሥር ውኃ ከታየ ታንኩ በሙሉ ተደፍቶ ይጽዳ። ቱቦው በጎማ መንፊያ የሚነፋው ከሁለቱም ጫፎች ከተፈታ በኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጋቢው ፓምፕ መውጫ ቱቦ ይላላና ሞተሩ በማጥፊያው ተይዞ በሞተሪኖ ይዙር። ናፍጣው በኃይል እየተፈናጠረ መውጣት አለበት። የእጅ ምላሱ ሲገፋ ባዶ ከሆነ ወዲያው ፓምፑ ተበላሽቷል አይባል፤ ሞተሩ በቆመበት ቦታ ምላሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ አንድ ዙር ይዙርና እንደገና ይሞከር። የዘይት መለኪያው ዘንግም ይታይ። ዘይቱ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር መጋቢው ፓምፕ ሳይጠገንና ዘይቱ ሳይቀየር አይነሣ።

ደረጃ 6፦ ወደ ዋናው ፖምፓ የሚገባው ቱቦ ይላላና የእጅ ምላሱ ይገፋ። ከፊልትሮው በፊት ብርቱ የነበረው ፍሰት ከፊልትሮው በኋላ ከደከመ ፊልትሮው ተደፍኗል። የናፍጣ ፊልትሮ ታጥቦ አይመለስም፤ ይለወጣል። ከአዲሱ ፊልትሮ ጋር የሚመጡት የላስቲክ ቀለበቶችም አብረው ይለወጡ፤ አሮጌው ቀለበት አየር ያስገባል።

ደረጃ 7፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ በላይ በጥብቅ ይታሰርና በላስቲክ ቱቦ ከመጋቢው ፓምፕ ጋር ይያያዝ። ቱቦው ከማርሚታው ይራቅ፤ ጀሪካኑም አየር እንዲያገኝ ክዳኑ ይላላ። ትራክተሩ በዚህ ናፍጣ ማረሻ ይዞ ደህና ከሠራ ጉድለቱ ከታንኩ እስከ መጋቢው ፓምፕ ባለው መስመር ውስጥ ነው። ካልሠራ ጉድለቱ ከዚያ ወዲያ ነው።

ስለ አየር አንድ ነገር እንጨምር። የላላ ዳዶ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ሁልጊዜ አያንጠባጥብም። ከበላዩ ያለው መንገድ ከተደፈነ መጋቢው ፓምፕ ስለሚስብ በዚያው ስንጥቅ አየር ይገባል፤ ውጭው ግን ደረቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አየር ደጋግሞ ከተገኘ መደፈንም ይፈለግ።

5. አየር ማስወጣት

ቱቦ ከተፈታ ወይም ናፍጣው ካለቀ አየር መውጣት አለበት። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ሀ/ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቪቴ፣ በዋናው ፖምፓ ጎን ያለው ቪቴና ከፖምፓው አናት አጠገብ ያለው ቪቴ ይላሉ።

ለ/ የመጋቢው ፓምፕ የእጅ ምላስ ይገፋ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ቪቴዎቹ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጥበቁ፦ መጀመሪያ የፊልትሮው፣ ቀጥሎ የፖምፓው ጎን፣ በመጨረሻ የላይኛው።

ሐ/ የዋናው ፖምፓ መግቢያ ዳዶ ይላላ፤ አሁንም ተገፍቶ አረፋው ሲያልቅ ይጥበቅ።

መ/ ከኢንጀክተሮቹ በኩል የሁለቱ ቱቦዎች ዳዶ ይላላ። የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይከፈት፤ ማጥፊያው በሥራ ቦታ መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩ በሞተሪኖ ይዙር፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ሲወጣ ዳዶዎቹ ይጥበቁ።

ሞተሪኖው ያለማቋረጥ ከ15 ሴኮንድ በላይ አይዙር። በየመሐሉ ዕረፍት ካልተሰጠው ባትሪውም ሞተሪኖውም ይጎዳሉ።

6. ዋናው ፖምፓ መቼ ይላካል?

ንጹሕ፣ ብርቱና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስከ ፖምፓው መግቢያ ከደረሰ፣ አየሩ በሥርዓት ከወጣ፣ የማጥፊያው ምላስም ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ በኋላ በላሉት የኢንጀክተር ቱቦዎች ናፍጣ ካልወጣ፣ ያን ጊዜ ፖምፓው ይጠረጠራል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በቀላሉ እየተነሣ ሲሞቅ ብቻ ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነም የፖምፓው ውስጥ መበላት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ፖምፓው በመስክ አይከፈት። ክፍሎቹ እጅግ ጠባብ በሆነ ልክ የተገጣጠሙ ስለሆኑ መፈተሻ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ሲላክ የምርመራው ጽሑፍ አብሮት ይሂድ። ባለሙያው ሥራውን ከዚያ ይጀምራል፤ ማኅበሩም ላልተሠራ ሥራ አይከፍልም።

7. መከላከል

ማደያ በራቀበት ቦታ ማኅበራት ናፍጣ በበርሜል ያከማቻሉ። የብዙው መደፈን ምንጭ ይኸው በርሜል ነው። ስለዚህ፦

ሀ/ አዲስ የመጣ በርሜል ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጥ፤ ቆሻሻውና ውኃው ይዘቅጣል።

ለ/ በርሜሉ ጥላ ሥር፣ በትንሹ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ። የመሳቢያው ቱቦ ከታችኛው ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሥሩ ላይ የሚቀረው ለትራክተር አይሰጥ።

ሐ/ በዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለናፍጣ ማከማቻ አይሁን፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋህዶ መስመር የሚደፍን ነገር ይፈጥራል።

መ/ ታንኩ የሚሞላው ማታ ከሥራ በኋላ ይሁን። ግማሽ ባዶ ሆኖ ካደረ በሌሊቱ ቅዝቃዜ በባዶው ክፍል ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛውም ውኃ ሆኖ ይወርዳል።

ሠ/ ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከዝቃጭ ኩባያው ጥቂት ይፍሰስ። ውኃ ከታየ እስኪጠራ ይቀጥል።

ረ/ ናፍጣ ከነጭ ጋዝ ጋር አይደባለቅ፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰውን ኃይል ያሳጣዋል።

ማጠቃለያ

ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለው ምርመራ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፊልትሮ አይበልጥም። ፖምፓ ወደ ከተማ የተላከበት ማኅበር ግን የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የእርሻ ወቅቱንም ነው። የልማት ሠራተኞች ይህን ቅደም ተከተል ከሾፌሮቹ ጋር አንድ ጊዜ በእጅ እየሠሩ እንዲያሳዩ፣ ማኅበራትም አንድ ትርፍ ፊልትሮ፣ አንድ ክዳንና ጥቂት ሜትር የናፍጣ ቱቦ የእርሻ ወቅት ከመግባቱ በፊት በመጋዘን እንዲያኖሩ እናሳስባለን።