ታችኛው ድምፅ ለምን እምቢ አለኝ?

ጥያቄ፦ ቆቦ ነው የምኖረው። ያገለገለ አልቶ ሳክስፎን ገዝቼ እየተለማመድኩ ነው። ላይኛው ድምፅ ደህና ይወጣል፤ ታችኛው ግን ይንተፋተፋል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመሣሪያው? ቴነር መግዛት ነበረብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምርጫዎ ጥሩ ነው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን ያሰሙት በቴነር ነበር፤ ለጀማሪ ግን አልቶ ቀለል ይላል፣ ትንፋሽም ብዙ አይጠይቅም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው መሣሪያውን ነው። ታችኛው ድምፅ የሚወጣው ቀዳዳዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሲዘጉ ስለሆነ፣ ከላይ አንድ የቆዳ ፓድ አየር ካሳለፈ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ይታወካል። ማታ መብራት አጥፍተው ትንሽ አምፖል ቱቦው ውስጥ ያስገቡና ቁልፎቹን በስሱ ይዝጉ። በፓዱ ጠርዝ ብርሃን ከታየ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ካልታየ ሪዱን (አፍ መያዣው ላይ ያለውን የሸምበቆ ምላስ) ይመልከቱ፤ ለእርስዎ ቁጥር 2 ወይም 2.5 ይበቃል።

የአካባቢዎን የራያን ሙቀት አይናቁት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሳክስፎን ፓዶቹን የያዘው ማጣበቂያ ሊላላበት ይችላል። አቧራው ደግሞ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቁልፉን ያከብደዋል፤ ስለዚህ ተጫውተው ሲጨርሱ ውስጡን በጨርቅ አድርቀው ሳጥኑ ውስጥ ይክተቱት።

ቁልፍ ከተጣመመ ግን በፒንሳ አይንኩት። አዲስ አበባ ሲሄዱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንን ጠይቀው ልምድ ላለው ጠጋኝ ያሳዩት።